ቢዋይዲ ሃን ወይስ ማርቼዲስ ኢኪውኤስ?

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ከውጭ የሚገባ ትልቅ የክብር መኪና ማለት ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ድሮ «ማርቼዲስ ነው» ብሎ የሚጨርሰው ሰው አሁን «ሃንስ እንዴት ናት?» ብሎ ይጠይቃል። የቻይናው ቢዋይዲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባትሪ በመሥራት ጀመረ፣ በ2003 ወደ መኪና ገባ፣ በ2020 ደግሞ ሃንን ይዞ ከነማርቼዲስ ሰፈር መጣ። የማርቼዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ኢኪውኤስ የወጣችው በዓመቱ ነው።

መጀመሪያ የት እንደምትቀመጡ ወስኑ። ሃን 5 ሜትር ሊሞላት ጥቂት ይቀራታል፤ ኢኪውኤስ 5.2 ታልፋለች። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ሲለካ ማርቼዲሷ በ29 ሴንቲ ሜትር ትበልጣለች፤ ልዩነቱን በደንብ የሚያውቀው ከኋላ የተቀመጠው ሰው እግር ነው። ሹፌር ይዞ ከካዛንቺስ ሜክሲኮ በትራፊክ መሀል ስልክ እያወራ ለሚሄድ ሰው ሃን አትወዳደራትም።

የኢኪውኤስ ርዝመት ለፒያሳ መታጠፊያዎች ያስፈራል፤ ግን የኋላ ጎማዋም አብሮ ይታጠፋል። እስከ 10 ዲግሪ የሚታጠፈው ዓይነት ከሆነ በ10.9 ሜትር ክብ ውስጥ ትዞራለች። መነሻው ግን 4.5 ዲግሪ ብቻ ነውና የትኛው እንደሆነ ሻጩን አስረግጣችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው አያውቅም፦ የማርቼዲሷ ኮፈን በባለቤቱ እንዲከፈት አልተሠራም፣ ለጋራዥ ብቻ የተተወ ነው። የመስታወት ማጠቢያ ውሃ የሚሞላው ጎኗ ላይ ባለች ትንሽ ክዳን ነው። መኪና ገና ሳይቆም «ኮፈኑን ክፈት» ለሚለው መካኒኬ ይህን ብነግረው፣ «ታዲያ እኔ ጋ ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አለኝ።

ደላላ «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ትሄዳለች» ብሎ የሚጠራውን የኪሎ ሜትር ቁጥር እንዳለ አትቀበሉ። ፎር ዊሏ ሃን በቻይና መለኪያ 610 ስትባል፣ በአውሮፓው መለኪያ በደብሊውኤልቲፒ 521 ናት። ኢኪውኤስ እ.ኤ.አ. በ2021 ስትወጣ በዚሁ መለኪያ እስከ 770 ተብላ ነበር። ሐዋሳ ለመድረስ ሁለቱም ይተርፋሉ፤ መመለሻው ዳገት መሆኑን ግን አትርሱ።

የራሴ ብር ቢሆን፣ መሪውንም ራሴ ብይዝ፣ ሃንን እገዛለሁ። ዋጋዋ ከማርቼዲሷ በብዙ ያንሳል፤ ባትሪዋን የሠራው ራሱ ቢዋይዲ ነው፤ ፎር ዊሏ ከዜሮ መቶ በ3.9 ሰከንድ ትገባለች። ከቻይና የመጣችው ሃን በቻይናው ጂቢቲ ሶኬት ነው ቻርጅ የምትደረገው፣ ከአውሮፓ የምትመጣው ኢኪውኤስ ደግሞ በአውሮፓው ሲሲኤስ2። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት መኪናዋን ወስዳችሁ ዘወትር ልትጠቀሙበት ባሰባችሁት ጣቢያ ሰክታችሁ እዩ።

ስክሪኗንም ነካ ነካ አድርጉ። አንድ ወዳጄ ሃኑን ከተረከበ በኋላ ነው ሁሉ ነገር በቻይንኛ መሆኑን ያወቀው፤ አስመጪው «ይስተካከላል» ካለው ሦስት ወር አልፏል፣ እሱ እስከዛሬ ማቀዝቀዣውን የሚያበራው በግምት ነው።