0802 ብራሽለስ ሞተር ለ65 ሚሊሜትር ድሮን
በ65 ሚሊሜትሯ የእሽቅድምድም ድሮኔ ላይ 0802 ብራሽለስ (ያለ ብሩሽ የሚሠሩ) ሞተሮች ገጥሜ ሳበርር ከረምኩ፤ በጣም ወድጃቸዋለሁ። ቁጥሩ ግራ እንዳያጋባችሁ። 08 የውስጠኛው የማይዞር ክፍል ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ 02 ደግሞ ቁመቱ።

ዋናው ነገር ኬቪው ነው። ጭነት የሌለበት ሞተር በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይነግራችኋል። እኔ የመረጥኩት 22000 ነው፤ በአንድ ሴል ባትሪ ከጥምዝ ስወጣ ቶሎ ይነሳል። 25000ው ፈጣን ነው፣ ግን ባትሪውን ጭልጥ አድርጎ ይጠጣዋል፣ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁ ወርዶ ድሮኗ ዙሩን ሳትጨርስ ትዝላለች። ጀማሪ ከሆናችሁ ከ19000 ጀምሩ።

የሞተሩ ዘንግ የሚዞረው በኩሽኔታ (ትንንሽ ኳሶች ባሉት) ይሁን ወይስ በቡሽ (ኳስ በሌለው ተራ ቀለበት)? ኩሽኔታ ያለው ሲዞር ለስላሳ ነው፣ ግን ግጭት አይወድም። ለልምምድ ቡሹን እመርጣለሁ፤ ቻይ ነው።

ብሎኑን ግን አደራ! አንዷን ሞተር ያቃጠልኳት ትንሽ ረዘም ባለ ብሎን ነው፤ ጫፉ የመዳብ ጥቅልሉን ነክቶ ሾርት አደረጋት። አብሮ የመጣውን ብቻ ተጠቀሙ፣ ከማጥበቃችሁ በፊትም ርዝመቱን ከፍሬሙ ውፍረት ጋር አስተያዩት።