የእማዬ ድመት ጠጠር ሲወጣለት

ዘንድሮ ከቨርጂኒያ አዲስ አበባ ሄጄ ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሊጻፍበት የሚገባው የእንስሳት ሕክምናው ነው። ሆቴሉም ባንኩም ደህና ነበሩ፤ እለፏቸው።

ታማሚው የእማዬ ድመት ውሮ ነው። አሸዋው ላይ እየተመላለሰ ያምጣል፤ የሚወጣው ደም የቀላቀለ ጠብታ ብቻ። የመጀመሪያው ክሊኒክ ሆዱን እንኳ ሳይዳስስ አንቲባዮቲክ ወግቶ ሸኘን። ሒሳቡ ርካሽ ነበር። ግን ወንድ ድመት ሲያምጥ ቀድሞ የሚታየው ፊኛው ነው። የወንዱ የሽንት ቧንቧ በጣም ጠባብ ስለሆነ ጠጠር ከዘጋው ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ይጠራቀምና በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ደግሞ የድመት ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ከኢንፌክሽን አይመጣም፤ መርፌው ምን ሊያደርግ?

ሁለተኛዋ ሐኪም ሌላ ናት። "እማማ፣ እስቲ አንገቱን ያዙልኝ" ብላ ሆዱን ዳሰሰች። ቧንቧው አልተዘጋም። በአልትራሳውንድ እያየች ከፊኛው ሽንት በመርፌ ቀዳች። ኤክስሬይ ስለሌላት ሌላ ቦታ ላከችን። እዚያ ድረስ ያለውን ትራፊክና የውሮን ጩኸት ሹፌሩ በሳቅ ቻለልን፤ ጉርሻ ይገባዋል።

ጠጠር ነበር። ዋናዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው አለችን። ስትሩቫይት የሚባለው በልዩ ምግብ በሳምንታት ውስጥ ይሟሟል፤ ቢላ አያስፈልገውም። ካልሲየም ኦክሳሌት ግን በምንም አይሟሟም። የውሮ ሽንት አሲዳማ ስለነበር ሁለተኛውን ጠረጠረች። እርግጠኛ የሚሆነው ጠጠሩ ወጥቶ ሲመረመር ነው ብላ አልደበቀችንም። ይሄን ወድጄላታለሁ።

ቀዶ ጥገናው ንጹሕ ነበር። ከስፌቱ በፊት ፊኛውን ደጋግማ አጠበች፤ ከዚያም የቀረ እንዳይኖር ሌላ ኤክስሬይ አስነሳችን። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ የሚጠየቀውን ገንዘብ ለእማዬ አልነገርኳትም። ብነግራት "ለድመት?" ትለኝ ነበር።

ቅሬታ አለኝ፤ ማታ የሚቀበል ድንገተኛ ክፍል አላገኘንም። ሐኪሟ የራሷን ስልክ ሰጠችን እንጂ አሠራር የለውም። ለሽንት ጠጠር የሚሆነው ልዩ ምግብም በጠየቅሁባቸው ሱቆች አልነበረም። የምትሄዱ ካላችሁ ለዘመድ ድመት እርጥቡን ምግብ ሻንጣ ውስጥ ጣል አድርጉ፤ ድመት ብዙ ውኃ ስለማይጠጣ ፈሳሹን ከምግቡ ማግኘት አለበት።

እስከዚያው እማዬ ጨው የሌለው የሥጋ መረቅ ትሰጠዋለች። የወጥ ትርፍራፊ ግን ተከልክሏል፤ ሽንኩርት ለድመት መርዝ ነው። እሱን ለማሳመን ከቀዶ ጥገናው በላይ ደከምን።