ፋይል በስክሪፕት ወደ ሰርቨር ለመላክ፦ ዊንኤስሲፒ፣ ኦፕንኤስኤስኤች ወይስ የሚገዛው?

ባለፈው ወር ብቻ አራት ጓደኞቼ ያንኑ ጥያቄ ጠየቁኝ። «የቢሮውን ፋይል ማታ ማታ ራሱ ወደ ሰርቨር የሚልክ ነገር ፈልጌ ነበር። የቱን ልግዛ?» ለአራቱም ያልኩት አንድ ነው። ምንም አትግዙ፤ ዊንኤስሲፒ (WinSCP) የሚባለውን የዊንዶውስ ፋይል መላኪያ ፕሮግራም አውርዱ። ነፃ ነው።

ይህን የምለው ብሬን ከከሰከስኩ በኋላ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ የአንድ ነጋዴ ቢሮ ኮምፒውተሮችን የማየው እኔ ነኝ። የሽያጭ መዝገቡ በየሌሊቱ ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር መሄድ አለበት። መጀመሪያ ያሰብኩት የሚከፈልበት ፕሮግራም ነበር። ፈቃዱ በዶላር ነው፤ ዶላር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ስታዲየም አካባቢ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ በፍላሽ 2,500 ብር አለኝ። «ፉል ቨርዥን ነው ወንድሜ፣ ዕድሜ ልክ ይሠራል።» ሲጭነው አንቲቫይረሱን አጠፋ። እያየሁ ዝም አልኩ።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ አንድ ሌሊት ፈቃድ የሚጠይቅ መስኮት ከፍቶ ቆመ። በሌሊት ማን «እሺ» ይጫንለት? ስክሪፕቱ (ፕሮግራሙ በየሌሊቱ የሚፈጽመው የትዕዛዝ ፋይል) አሥራ አንድ ሌሊት ሲጠብቅ ከረመ፤ እኛ ፋይሉ እየሄደ መስሎናል። ሱቁ ሁለት ጊዜ «አስተካከለው»፣ በየጊዜው 1,500 ብር። ደምሩት፦ 5,500 ብር። በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጌ የሰርቨሩን ፓስወርዶች በሙሉ ቀየርኩ። አንቲቫይረስ ጠፍቶ የገባ ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ ኮፒ) ምን ሲያይ እንደነበር ማን ያውቃል?

በምስጠራው በኩል ብዙ አትጨነቁ። ሁሉም በኤስኤፍቲፒ (ፋይሉን መስጥሮ በሚልክ ዘዴ) መላክ ይችላሉ፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው አያነበውም። ፓስወርዱን እንኳ ሳይሸፍን የሚልከው ተራው ኤፍቲፒ ነው፤ እሱን አትንኩት። እኛ አገር ልዩነቱ የሚታየው መብራት ሲሄድ ነው።

ዊንኤስሲፒ መስመር ሲቆረጥ ራሱ መልሶ ይገናኛል፣ ትልቅ ፋይል ከሆነም ካቆመበት ይቀጥላል። ካልነካችሁት የሚሞክረው 120 ሴኮንድ ነው። ለኛ አይበቃም። መብራት መጥቶ ራውተሩ እስኪነሳ ራሱ ጊዜ ይወስዳል። እኔ በስክሪፕቱ ውስጥ 1,800 አድርጌዋለሁ። ስክሪፕት ጽፋችሁ የማታውቁ ከሆነም አትፍሩ። በእጅ አንዴ ተገናኙ፤ ፕሮግራሙ ራሱ የስክሪፕቱን መነሻ ጽፎ ይሰጣችኋል፣ የሰርቨሩን መለያ አሻራም አብሮ ያስገባል። አሻራውን አጥፍታችሁ «ማንኛውንም ሰርቨር ተቀበል» የሚለውን እንዳታስገቡ። እንደዚያ ከሆነ ሌላ ሰው ሰርቨራችሁን መስሎ ቢቀርብ ፋይሉን ዝም ብሎ ያስረክበዋል።

ኦፕንኤስኤስኤች (OpenSSH)፣ በጽሑፍ ትዕዛዝ የሚሠራው ፋይል መላኪያ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል። ማውረድ እንኳ የለበትም፤ ዋጋው ዜሮ፣ ዳታውም ዜሮ። ስክሪፕት ሲያነብ ፓስወርድ አይጠይቅም፣ በቁልፍ (በፓስወርድ ፈንታ ማንነትን በሚያረጋግጥ ፋይል) ነው የሚገባው። ይህን እወድለታለሁ። ግን መስመር ሲቆረጥ ያቆማል፤ ደግሞ እንዲሞክር የሚያዘውን እናንተ መጻፍ አለባችሁ። ለለመደ ሰው ቀላል ነው፤ ለነጋዴው ቢሮ ግን አልመክርም።

ሊኑክስ ላይ ከሆናችሁ ነገሩ ይለያል። እዚያ አርሲንክ (rsync) የሚባለውን ፋይል መላኪያ ተጠቀሙ። ከፋይሉ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ይልካል። በፓኬጅ ለሚልክ ሰው ይህ ገንዘብ ነው። ዊንኤስሲፒ የተለወጠውን ፋይል እንዳለ ነው የሚልከው። ፋይልዚላ (FileZilla) የሚባለው ሌላው ፕሮግራም በእጅ ለመላክ ጥሩ ነው፤ በስክሪፕት ግን አይታዘዝም።

አሁን ዋናው ጥንቃቄ። ነፃውንም ቢሆን ከሱቅ ፍላሽ አትቀበሉ። ፑቲ (PuTTY)፣ ዊንኤስሲፒ ኮዱን የሚጠቀምበት ሰርቨር መግቢያ ፕሮግራም፣ ከ0.68 እስከ 0.80 ባለው ቨርዥን ክፍተት ነበረበት፤ በአንድ ዓይነት ቁልፍ፣ ባለ 521 ቢቱ፣ የሚገባ ሰው ቁልፉ ሊሰረቅ ይችል ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. በ0.81 ተስተካከለ። ያው ክፍተት ዊንኤስሲፒን ነክቶት በ6.3.3 ተዘጋ። ፍላሽ ላይ ያለው ግን ስንት ዓመት የከረመ እንደሆነ አይታወቅም። ጉግል ላይ ስትፈልጉም ከላይ የሚመጣውን ማስታወቂያ እለፉት። በዚያው ዓመት አስመሳይ የዊንኤስሲፒና የፑቲ ገጾች በማስታወቂያ ቫይረስ ሲያሰራጩ ተይዘዋል። ያወረዳችሁትን ፋይል በቀኝ ተጭናችሁ ዲጂታል ፊርማውን እዩ። ለዊንኤስሲፒ ማርቲን ፕሪክሪል ይላል። ሌላ ስም ካለው ወይም ፊርማ ከሌለው ሳትከፍቱ አጥፉት።

ከተጫነ በኋላ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ትልቅ ፋይል እየተላከ ሳለ የራውተሩን ሶኬት ንቀሉ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱት፤ እጃችሁን ኪቦርዱ ላይ ሳታደርጉ ጠብቁ። የኔው ከቆመበት ቀጥሎ ጨርሷል፣ ሎጉም (ፕሮግራሙ የሠራውን የሚመዘግብበት ፋይል) ላይ የተቆረጠበትን ሰዓት ጽፎታል።