ሊኑክስ ያለበት ላፕቶፕ ከቴሌቪዥን ጋር፦ የአንድ ዓመት ልምዴ

ሊኑክስ የሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበትን ላፕቶፔን በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝቼ መጠቀም ከጀመርኩ አንድ ዓመት አልፎኛል። ፊልም አይበታለሁ፣ ፎቶ አሳይበታለሁ፣ አንዳንዴም ሶፋ ላይ ተቀምጬ እጽፍበታለሁ። "ሊኑክስ ከቲቪ ጋር አይግባባም" ሲባል ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። እኔም መጀመሪያ ላይ አምኜው ነበር። ዛሬ ግን አልስማማም። ካስቸገሩኝ ነገሮች አብዛኞቹ መፍትሔያቸው የተገኘው ላፕቶፑ ውስጥ ሳይሆን የቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ ነው።

መሰካቱ ራሱ ምንም አላስቸገረኝም። ገመዱን ስሰካው ምስሉ ወዲያው መጣ። ድራይቨር (ሃርድዌሩን የሚያሠራው ፕሮግራም) ፍለጋ የለ፣ ፋይል ማስተካከል የለ። ድሮ በኤስ-ቪዲዮ ገመድ የሞከረ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል። ያኔ ከሁለቱ የቴሌቪዥን ምልክት ዓይነቶች ፓል ይሁን ኤንቲኤስሲ በእጅ መጻፍ ነበረብን፤ ከተሳሳትን ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይመጣል ወይም ሲንከባለል ይውላል። አሁን ቴሌቪዥኑ ራሱ ምን ምን እንደሚችል ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ይህ መረጃ ኢዲአይዲ ይባላል። የሊኑክስ ዴስክቶፖች በሆኑት በግኖምም ሆነ በኬዲኢ ፕላዝማ የሱፐር ቁልፍንና (የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን) የፒ ፊደልን አብሮ መጫን ነው፤ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ይታይ፣ ዴስክቶፑ ወደ ቲቪው ይስፋ፣ ወይስ ቲቪው ብቻ ይሥራ፣ እዚያው ትመርጣላችሁ።

የመጀመሪያው ችግር የጠርዙ ነበር። ላይኛው መስመር ላይ ያለው ሰዓት ግማሹ የለም። መስኮት ለመዝጋት የምጫናት ምልክት ከስክሪኑ ውጪ ሆናለች። ሙሉ ምሽት የላፕቶፑን ሴቲንግ ስነካካ አመሸሁ። ሪዞሉሽን ቀየርኩ፣ ተርሚናል ከፍቼ ኤክስራንድር የሚባለውን ኮማንድ ሞከርኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ነገሩ ለካ ኦቨርስካን የሚባለው ነው። የድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች የምስሉን ጠርዝ በትክክል ማሳየት ስለማይችሉ ምስሉን ትንሽ ለጠጥ አድርገው ጠርዙን ከፍሬሙ ሥር ይደብቁት ነበር። ቱቦው ከቀረ ዓመታት ቢቆጠሩም ብዙ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ይህን ልማድ ይዘው ቀርተዋል። ላፕቶፑንም እንደ ስርጭት ጣቢያ ቆጥረው ጠርዙን ይቆርጡበታል።

መፍትሔው ሪሞቱ ላይ ነው። የምስል መጠን የሚለው ውስጥ ግቡና "ጀስት ስካን"፣ "ስክሪን ፊት" ወይም "ፉል ፒክስል" የሚል ፈልጉ። ስሙ እንደ አምራቹ ይለያያል እንጂ ሥራው አንድ ነው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የኤችዲኤምአይ ግቤቱን ዓይነት ወደ ፒሲ መቀየር ይበቃል። ይሄኛውን በጣም እመክረዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ምስሉን "ለማሳመር" የሚጨምራቸውን ነገሮችም አብሮ ያጠፋል። ሪሞቱ ላይ ምንም አማራጭ ከጠፋ ብቻ በድራይቨሩ በኩል ምስሉን ማጥበብ ይቻላል፤ አንዳንድ ድራይቨሮች አንደርስካን የሚል ማስተካከያ አላቸው። ግን ምስሉ ስለሚጠብ ጽሑፉ ይደበዝዛል። የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት።

ቀጥሎ ቀለሙ። ይሄ ቶሎ ስለማይታወቅ ሰው ለወራት ሳያውቀው ይኖራል። ኮምፒውተር ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ብሎ ይቆጥራል። የቪዲዮው ዓለም ግን ከ16 እስከ 235 ነው የሚጠቀመው። ላፕቶፑ በአንደኛው ሲልክ ቴሌቪዥኑ በሌላኛው ከተረጎመው፣ ወይ ጥቁሩ አመድ መስሎ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ወይ ደግሞ ጨለማው ሁሉ አንድ ላይ ተደፍኖ በሌሊት ትዕይንት ውስጥ ያለ ሰው ፊቱ አይታይም። እኔ ጋ የነበረው ሁለተኛው ነው፤ ፊልሞቹ እንዲያ ጨለማ ሆነው የተሠሩ መስለውኝ ስንት ፊልም አየሁ! ፕላዝማ ላይ በማሳያ ሴቲንግ ውስጥ የአርጂቢ (የቀለም) ክልል የሚል ምርጫ አለ። ቴሌቪዥኑም ላይ "ብላክ ሌቭል" ወይም "አርጂቢ ሬንጅ" የሚል ይኖራል። ዋናው ነገር ሁለቱ እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ሁለቱንም ሙሉ (ከ0 እስከ 255) ላይ አድርጉ፣ ካልሆነም ሁለቱንም ውስን (ከ16 እስከ 235) ላይ። ካስተካከልኩት በኋላ ያየሁትን አንድ ፊልም ደግሜ ከፈትኩት፣ ሌላ ፊልም ነው የሚመስለው።

4ኬ ቴሌቪዥን ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የኤችዲኤምአይ የቆየ ስሪት የሆነው 1.4 ብቻ ያለው ላፕቶፕ 4ኬን የሚልከው በሰከንድ 30 ጊዜ ነው። ለፊልም ይበቃል፤ ማውዙን ስታንቀሳቅሱት ግን ወደ ኋላ የሚጎተት ይመስላል። በ2013 የወጣው ስሪት 2.0 ነው በሰከንድ 60 ጊዜ የሚልከው፤ ለዚያ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ገመድ ያስፈልጋል። ላፕቶፑም ገመዱም ደህና ሆነው ሴቲንጉ ላይ 60 የሚለው ካልመጣ፣ ወይም ቀይ ጽሑፍ ዙሪያው የተቀባ ከመሰለ፣ አሁንም ወደ ሪሞቱ ተመለሱ። ብዙ ቴሌቪዥኖች የእያንዳንዱን ግቤት ሙሉ አቅም ዘግተውት ነው የሚመጡት፤ ሜኑው ውስጥ እየገባችሁ "ዲፕ ከለር" ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን መክፈት አለባችሁ። ከሩቅ ለማንበብ ፊደሉን ወደ 200 በመቶ ማሳደግም አትርሱ። ዌይላንድ (ሊኑክስ ላይ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው አዲሱ ሥርዓት) ላይ የላፕቶፑ ስክሪን ሳይነካ የቲቪውን ብቻ ማሳደግ ይቻላል፤ በዚህ ኤክስ ከሚባለው ከድሮው ሥርዓት በጣም ይሻላል።

ድምፁ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ነው። ምስሉ ቲቪው ላይ፣ ድምፁ ላፕቶፑ ላይ ከቀረ፣ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ማውጫውን ኤችዲኤምአይ ማድረግ ነው። እዚያ ካልታየ ፓቩኮንትሮል የሚባለውን ፕሮግራም ጫኑና ኮንፊገሬሽን የሚለው ገጽ ላይ የኤችዲኤምአይ ፕሮፋይሉን ምረጡ። በቪጂኤ የምታገናኙ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ያ ገመድ ድምፅ አይሸከምም።

ፊልም ላይ ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ ከመሰላችሁ አልተሳሳታችሁም። አብዛኛው ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ 60 ጊዜ ይታደሳል። 60 ለ24 በእኩል ስለማይካፈል አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ቀጣዩ ሦስት ጊዜ ይታያል። ኮዲ የሚባለው ማጫወቻ ይህን ይፈታዋል። የቪዲዮ ሴቲንጉ ውስጥ የስክሪኑ ፍጥነት ከፊልሙ ጋር እንዲስተካከል የሚያደርግ ምርጫ አለ። ፊልሙ ሲጀምር ቲቪው ለአፍታ ይጠቁርና ወደ 24 ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ያለው ልስላሴ በእውነት ያስደስታል። እኔ ለዚህ አንድ ነገር ብቻ ኮዲን አልለቅም።

አሁን የምሬን ቅር ያሉኝን ልንገራችሁ፤ እነዚህን ሪሞት አይፈታቸውም። አንደኛ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ላፕቶፑ ገመዱ የተነቀለ ይመስለዋል። መስኮቶቹ ሁሉ ወደ ትንሹ ስክሪን ይሰበሰባሉ፣ ድምፁም ይመለሳል። ሁሌ ቲቪውን ቀድሜ እያበራሁ ነው የማልፈው። የቲቪውን ኢዲአይዲ ፋይል አድርጎ ከርነሉ (የሊኑክስ ዋናው እምብርት) ሲነሳ እንዲያነበው ማድረግም ይቻላል፣ ግን ለጀማሪ ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ የቲቪው ሪሞት ላፕቶፑን አያዝም። ሪሞቱ የሚሠራበት ሲኢሲ የሚባለው መስመር በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ አልተገጠመም። ራዝበሪ ፓይ በሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ግን አለ፤ ለፊልም ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ራዝበሪ ፓይ ላይ ኮዲን ለማስኬድ የተሠራውን ሊብሬኢሌክ ጭናችሁ በአንድ ሪሞት መጨረስ ትችላላችሁ። ሦስተኛ፣ ክፍያ የሚጠይቁት የፊልም አገልግሎቶች በአጠቃላይ ለሊኑክስ ብራውዘር 4ኬ አይሰጡም። የቅጂ መከላከያው የሚፈልገው የጥበቃ ደረጃ ሊኑክስ ላይ ስለሌለ ነው። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፤ ከፋዩ እኩል እየከፈለ ምስሉን ዝቅ አድርገው ይልኩለታል።

ለጨዋታ 4ኬን በሰከንድ 120 ጊዜ የምትፈልጉ ሰዎች ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን እዩ። ለዚያ ኤችዲኤምአይ 2.1 ያስፈልጋል። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤኤምዲ ኮዱ ለሁሉም ክፍት በሆነው ድራይቨሩ ውስጥ ሊያስገባው ሠርቶ ነበር፣ መስፈርቱን የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ፎረም ግን በ2024 አልፈቀደም። የሌላው አምራች የኢንቪዲያ ድራይቨር ላይ ይሠራል። ኤኤምዲ ካርድ በእጃችሁ ካለ፣ ዲስፕሌይፖርት ከሚባለው ሌላው የምስል መውጫው ወደ ኤችዲኤምአይ 2.1 የሚቀይር አዳፕተር መሞከር ይቻላል፤ ስትገዙ ግን "አክቲቭ" የሚለው መሆኑን አረጋግጡ፣ ተራው እዚያ ፍጥነት ላይ አይደርስም።