ኤች 4 መብራት በአሮጌ ቮልስ ላይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

ቮልሴ በ1971 እ.ኤ.አ. የተሠራች ናት። ቀን ቀን ሰው አስቁሞ ፎቶ ያነሳታል። ማታ ግን እሷን መንዳት ድፍረት ይጠይቅ ነበር። የፊት አምፖሎቿ የድሮዎቹ 45/40 ዋት (45 ለረጅሙ፣ 40 ለአጭሩ መብራት) ነበሩ፤ ጓደኞቼ "ሻማ ጨምርበት" እያሉ ይቀልዱብኛል።

መጀመሪያ የገዛሁት ኤልኢዲ ነው። አልመክርም። ግቢ ውስጥ ግድግዳ ላይ ሲያበሩት ነጭ፣ የሚያምር ነው። መንገድ ላይ ግን ከፊት የሚመጣው ሁሉ ረጅም መብራት እያበራ ይሰድበኛል። ምክንያቱ የገባኝ አምፖሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ነው። በድሮውም ሆነ በኤች 4፣ ማለትም ረጅሙንና አጭሩን በአንድ በያዘው የሃሎጅን አምፖል ውስጥ፣ ከአጭሩ መብራት ክር ሥር ማንኪያ የምትመስል ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ብርሃኑ ወደ ሰው ዓይን እንዳይወጣ የምታግደው እሷ ናት። የኔ ኤልኢዲ የሷን ሥራ አልቻለበትም። በሁለት ሳምንቱ ነቀልኩት።

ከዚያ ሱማሌ ተራ ወርጄ 60/55 ዋት ሃሎጅን ኤች 4 ገዛሁ፣ ከነመስታወቱና ከነአንጸባራቂው። የኤች 4 መቀመጫ ከድሮው ስለሚለይ አምፖሉን ብቻ ቀይሮ መገላገል የለም። ገጠምኩ፣ አበራሁ፣ ቅር አለኝ። ከድሮው ይሻላል፤ ግን ሻይ የመሰለ ቢጫ ነው።

ቴስተር ተዋስኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት፣ አምፖሉ ሶኬት ላይ 11.4። ሁለት ቮልት ምን አላት እንዳትሉ። ቮልቴጅ ትንሽ ሲወርድ የሃሎጅን ብርሃን በብዙ ይወርዳል። በኔ ስሌት የብርሃኑ ግማሽ ገደማ መንገድ ላይ እየቀረ ነበር።

የሚቀረው የት ነው? ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ጉልበቱ ከዚያ እስከ ፊት ተጉዞ፣ በማብሪያው በኩል አልፎ፣ በፊውዙ በኩል ነው አምፖሉ ጋ የሚደርሰው። ሁሉም ሃምሳ ዓመት የሞላቸው ናቸው። የፊውዞቹ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። በጣቴ ቦታቸው ላይ ሳሽከረክራቸው ብቻ መብራቱ ሲደምቅ በዓይኔ አየሁ።

ስለዚህ ሁለት ሪሌ (በትንሽ ጉልበት ታዝዞ ትልቁን ጉልበት የሚያገናኝ ማብሪያ) አስገባሁ፣ አንድ ለረጅሙ አንድ ለአጭሩ። የሪሌው እግሮች ቁጥሮች አያስቸግሩም፦ 30 ከባትሪ፣ 87 ወደ አምፖል፣ 86 ከድሮው ሽቦ ትእዛዝ መቀበያ፣ 85 ኔጋቲቭ። ቮልስ ላይ ነጩ ሽቦ ረጅሙ ነው፣ ቢጫው አጭሩ፣ ቡኒው ኔጋቲቭ። ከባትሪው ወፍራም ሽቦ ሳብኩ፤ ፊውዙንም እዚያው ባትሪው አጠገብ አደረግኩት። በዚያው የባትሪውን ራስ በጎማ ሸፈንኩት። ኋላ ከበድ ያለ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሞላ ፖዘቲቩን ከነካ እሳት ነው።

አሁን ሶኬቱ ላይ 13.2 አለ። አምፖሎቹ ያው እነዚያው ናቸው፤ መኪናዋ ግን ሌላ ሆነች። ከደብረ ብርሃን አልፌ ጣርማበር ላይ ጉም ውስጥ ገብቼባታለሁ። ረጅሙን ሳበራ ነጭ ግድግዳ ተጋረጠብኝ፤ በአጭሩ የመንገዱን ጠርዝ እያየሁ ወረድኩ።

በስምንት ወር ሁለት ነገር ገጥሞኛል። አንዱ አምፖል በአምስተኛው ወር ተቃጠለ፤ ጥፋቱ የኔው ነው፣ ስገጥም መስታወቱን በቅባት እጄ ይዤው ነበር። ሁለተኛው ግራ ያጋባል። አንድ ማታ የቀኙ መብራት ፈዘዘ፤ ቀርቤ ሳየው ሁለቱም ክሮች አንድ ላይ እንደ ፍም ቀልተዋል። እንዲህ ካያችሁ አምፖል አትቀይሩ፣ ኔጋቲቩን እዩ። ቡኒው ሽቦ የታሰረበት ብሎን ዝጎ ነበር። የብርጭቆ ወረቀትና ካቻቢቴ፣ አሥር ደቂቃ።

100/90 ዋት ልግጠምልህ ያለኝም አልጠፋም። እንቢ አልኩ። ረጅሙ ሲበራ ብቻውን ወደ 17 አምፔር ይበላል፤ የኔ ዲናሞ ደግሞ ቢበዛ 30 ነው፣ ያውም ሞተሩ ሲፈጥን። በ60/55ቱም ቢሆን እፎይ አላልኩም። ትናንት ማታ በዝናብ ትራፊክ መብራት ላይ ቆሜ፣ መጥረጊያውም መብራቱም እየሠሩ፣ ቀይዋ የቻርጅ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ነዳጅ ሰጠት አደረግኩ፤ ጠፋች።