ጋሼ እናመሰግናለን፦ ቆሞ ለሚከርም የናፍታ ሃይሩፍ የመካኒክ ጥቆማ

አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ጋን ተገጥሞላት ለሽርሽር ብቻ የምትወጣውን ባለ 3ኤል ናፍታ ሞተር ቶዮታ ሃይሩፋችንን (ጣሪያዋ ከፍ ያለ ሚኒባስ) ነፍስ የዘሩባት የናፍታ መካኒካችን ጋሼ ናቸው። እሳቸውንና አብሯቸው የሚሠራውን ወጣት ኤሌክትሪሺያን ከልብ እናመሰግናለን። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንልካለን። የሠሩትን ግን ዘርዝረን እንጽፋለን፣ ሌላ ጋራዥ የምትሄዱም ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁ እንድታውቁ።

ቆሞ የከረመ የናፍታ መኪና አልነሳ ሲል የተለመደው ፍርድ “ፖምፓው ሞቷል፣ ኖዝሎቹም ይቀየሩ” ነው፤ ፖምፓው ናፍታውን በግፊት የሚልከው፣ ኖዝሎቹ ደግሞ ሞተሩ ውስጥ የሚረጩት ናቸው። ወጪው ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሽታው እዚያ አይደለም። ጋሼ ፖምፓ የሚነኩት ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። መጀመሪያ የናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈተው አንድ ብርጭቆ ያህል በንጹሕ ጠርሙስ ይቀዱና ሩብ ሰዓት ያስቀምጡታል። ውሃ ካለ ከታች ይለያል። በውሃውና በናፍታው መገናኛ ላይ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ከታየ ደግሞ እዚያ የሚራቡ ጥቃቅን ተሕዋስያን ናቸው። ፊልትሮ የሚደፍኑት እነሱ ናቸው፤ የሚለቁት አሲድም ብረት ይበላል። የእኛዋ ጠርሙስ ውስጥ ሁለቱም ተገኙ። ስለዚህ ሰልባትዮው (የናፍታ ታንከሩ) ወርዶ ታጠበ፣ የመምጠጫው ወንፊት ጸዳ፣ ፊልትሮ ተቀየረ። ፖምፓው አልተፈታም፤ ዛሬም የሚሠራው ያው ነው።

ውሃው ከየት መጣ ለሚል፦ ግማሽ ሰልባትዮ ናፍታ ማለት ግማሽ ሰልባትዮ አየር ማለት ነው። የአዲስ አበባ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት በቆርቆሮው ግድግዳ ላይ ያልብና ወደ ታች ይወርዳል። ክረምት ላይ ይብሳል። መድኃኒቱ ከማቆም በፊት ሰልባትዮውን እስከ አፉ መሙላትና ማፍሰሻዋን በየሦስት ወሩ መክፈት ነው። “ላምባ ጨምሩበት፣ ያጥበዋል” የሚል ምክር ከሰማችሁ እለፉት። የዚህ ፖምፓ ውስጠኛ ክፍል የሚለሰልሰው በራሱ በናፍታው ነው፤ ላምባ ቀጭን ስለሆነ ብረት ከብረት ያፋጫል።

ሁለተኛው ምርመራ አየር ነው። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ጎማ አውልቀው በምትኩ ብርሃን የሚያሳልፍ ጎማ ይገጥማሉ፣ ከዚያ ሞተሩን ያስነሳሉ። አረፋ ከታየ መስመሩ ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ባለው መንገድ አየር ይስባል ማለት ነው። መኪናዋ ስትቆም ናፍታው ቀስ ብሎ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፤ በነጋታው ሞተሪኖው (ማስነሻው) እየዞረ አልነሳ የሚለውም ለዚህ ነው። ፊልትሮው ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ እስክትጠነክር ተጭናችሁ ወዲያው ከተነሳች፣ ምክንያቱን አገኛችሁት። ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የደረቀ ጎማ፣ የላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ) ወይም የራሷ የእጅ ፓምፕ ጉርኒሲዮን (ማሸጊያ) ነው። ከኖዝሎቹ የተረፈውን ናፍታ የሚመልሱት ቀጫጭን ጎማዎችም በዕድሜ ይሰነጠቃሉ። ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ አንዱ ሲፈስ ሁሉንም መቀየር ይሻላል፤ ስትገዙ ግን ናፍታ የሚችል ጎማ በሉ፣ የውሃ ጎማ በአጭር ጊዜ ያብጣል።

ኤሌክትሪሺያኑ የሠራው ሥራ ለብቻው ምስጋና ይገባዋል። ባትሪውን ሲለካ መኪናዋ ለሰዓታት ካረፈች በኋላ ነው፦ 12.6 ቮልት ሙሉ፣ 12.4 ቻርጅ ይፈልጋል፣ 12.2 ግማሹ አልቋል። ባዶውን በተቀመጠ ቁጥር ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርና ቻርጅ መቀበል ይተዋል። ቀጥሎ ሁሉ ነገር ተጠፍቶ፣ በሮች ተዘግተው፣ መለኪያውን በማሳው (በኔጌቲቩ) ሽቦና በባትሪው መካከል ያስገባል። 0.05 አምፔር ድረስ ደህና ነው ይላል። ይህች ትንሽ የምትመስል ቁጥር ግን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ትበላለች፤ ባለ 70 ባትሪ በአንድ ወር ገደማ ግማሹ ይሄዳል። ቴፑ ወይም የጂፒኤስ መከታተያው በቀጥታ ከባትሪ ከተገጠመ ደግሞ ወር አይሞላም። ለእኛ ማሳው ላይ በእጅ የሚዞር መለያ ገጠመልን። የኋላው ባትሪ፣ ማለትም የፍሪጁና የመብራቱ፣ ከፊተኛው ጋር የሚገናኘው ሞተር ሲሠራ ብቻ እንዲሆን ሪሌይ ጨመረ። አራቱን የማሞቂያ ካንዴላዎችም አንድ በአንድ ለካ፤ ሁለቱ ተቋርጠው ነበር። በደጋ ጠዋት በሁለት ካንዴላ የሚነሳ ሞተር ነጭ ጭስ እየተፋ ነው የሚነሳው።

አሁን ጋሼ ደጋግመው የሚቆጡበትን እንንገራችሁ፤ እኛም እንስማማለን። በየሳምንቱ ሞተሩን አስነስቶ ግቢ ውስጥ አሥር ደቂቃ አቁሞ ማጥፋት መኪና መንከባከብ አይደለም። የናፍታ ሞተር በባዶ ሲሠራ የሚያቃጥለው በጣም ጥቂት ስለሆነ በቂ አይሞቅም። ያልተቃጠለው ናፍታ በፒስተን ቀለበቶቹ አልፎ ዘይቱን ያቀጥናል፣ የሚፈጠረው ውሃ ማርሚታው (የጭስ ማስወጫው) ውስጥ ቀርቶ ከውስጥ ያዝገዋል። ዲናሞውም በዝግታ ስለሚዞር ሞተሪኖውና ካንዴላዎቹ የበሉትን እንኳ በቅጡ አይመልስም። ትክክለኛው በወር አንዴ፣ ቢቻል በየሁለት ሳምንቱ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ጭነት ያለው ጉዞ ነው። በሰንዳፋ መንገድ ወጣ ብሎ መመለስ፣ ወይም በአዳማ ፈጣን መንገድ ትንሽ መውጣት ይበቃል። በዚያው ኤሲውን አሥር ደቂቃ ክፈቱት፤ የኮምፕረሰሩ ፓራውልዮ (የጎማ ማሸጊያ) ዘይት ካላገኘ ይደርቅና ጋዙ ያመልጣል። መንዳት ካልቻላችሁ ጨርሶ አለማስነሳት ይሻላል።

የእጅ ፍሬን ተስቦ ክረምቱን የከረመ መኪና የኋላ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ይጣበቃል። በግድ ሲነዳ ሸራው ተገንጥሎ ይቀራል። ሜዳ ቦታ ላይ በማርሽ አቁማችሁ፣ ጎማውን ከፊትና ከኋላ በእንጨት ደግፋችሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቁት። ፍሪሲዮኑም (ክላቹም) እንዲሁ ሊጣበቅ ስለሚችል ባትነዱም አልፎ አልፎ ፔዳሉን ረግጣችሁ ልቀቁ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚጠጣ ሳይነዳም ያረጃል፤ በሁለት ዓመት ይቀየራል። ጎማዎቹን ትንሽ ጨምራችሁ ንፉና በየወሩ ሩብ ዙር አንከባልሏቸው። ዕድሜያቸውን ጎኑ ላይ ካሉት አራት አኃዞች አንብቡ፦ 2319 ማለት እንደ ፈረንጆቹ በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ያሳፍራል፤ መንገድ ላይ ግን ይገድላል።

ቫልቮቹን በጊዜያቸው በሚያስከፍተው የጎማ ቀበቶ፣ በታይሚንግ ቤልት ላይ አትዘናጉ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መብራት በ100,000 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ኪሎ ሜትር እንጂ ዓመት አይቆጥርም። ቀበቶው ደርቆ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ ያኔ ሞተር ይወርዳል። የሞተር ዘይትም ቢያንስ በዓመት ይቀየር፤ ቢቻል ከማቆም በፊት፣ ምክንያቱም ያረጀው ዘይት ውስጥ ያለው አሲድ ቆሞም ይሠራል። ራዲያተር ውስጥ ኩላንት እንጂ የቧንቧ ውሃ አይግባ። ውሃ አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ብረቱንም ያዝጋል።

ከማቆም በፊት የውሃ ጋኑ ይፍሰስ፣ ጋዙ ከሲሊንደሩ ይዘጋ፣ የአልጋው ስፖንጅ ቀጥ ብሎ ይቁም። አይጥ የሽቦ ጎማ ስለምትወድ የምግብ ፍርፋሪ አይቅር።

ስለ ጋሼ አሠራር፦ የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለይተው ይጽፋሉ፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን ያስረክባሉ። ፊልትሮ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ መደብሮች ራሳችሁ ከገዛችሁ አይቀየሙም፤ ሐሰተኛ ከሆነ ግን አልገጥምም ይላሉ። ቶሎ አይሠሩም፣ ወረፋም አላቸው። ኮመን ሬይል ሞተር (ናፍታው በኮምፒውተር የሚታዘዝ አዲስ ዓይነት) አይነኩም፣ ይህንንም በስልክ ቀድመው ይናገራሉ።

ስትደውሉ የሞተሩን ዓይነት፣ ምን ያህል ጊዜ እንደቆመች፣ ሞተሪኖው ይዞር እንደሆነና የጭሱን ቀለም ንገሯቸው። ሰልባትዮ ማውረድ ሊኖር ስለሚችል ለምርመራ ስትወስዱ ናፍታ አትሙሉ፤ ከሩብ በታች ይሁን።