ስምምነቱን ማንሳት ወይስ ፍቺውን መጨረስ?

በህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ባልና ሚስት ተስማምተው ለመፋታት ቢያንስ አንድ ዓመት ተለያይተው መኖር አለባቸው። ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ 6 ወር ጠብቀው፣ 18 ወር ሳይሞላ ደግመው ይቀርባሉ። በዚህ መሃል አንዱ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

መብቱ፦ የሰጡትን ስምምነት ማንሳት ይቻላል፣ ለብቻም ቢሆን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ስምምነቱ እስከ ፍርዱ ድረስ መዝለቅ አለበት ብሏል።

ጊዜ፦ መጨረስ ይፈጥናል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ዳኛው ተስፋ የሌለው ትዳር ነው ካለ 6 ወሩን ሊያስቀር ይችላል። ስምምነቱ ከተነሳ ግን መፋታት የሚፈልገው ወገን እንደ ጭካኔ ወይም 2 ዓመት ጥሎ መሄድ ያለ ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል። ይሄ ደግሞ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል፤ የጠበቃው ወጪም አይቀርም።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ማንሳት መብት ቢሆንም፣ ለፍርድ ቤት ቃል ገብቶ ማፍረስ ችሎት መድፈር ሊሆን እንደሚችል የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ተናግሯል። በስምምነቱ መሠረት ገንዘብ የተቀበለ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ።

እርቅ ከልብ ከታሰበ፣ ወይም ፊርማው በጫና የተገኘ ከሆነ ማንሳት ያዋጣል። ቀለብና የልጆች ጉዳይ ካለቀ ግን መጨረሱ ይሻላል። ሌላውን ለማብሸቅ ብሎ ማንሳት? እሱስ ራስንም ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ያንከራትታል።